ክንድ ብቻውን አይወፍርም

በሰፈራችን ከትምህርት ቤት መልስ ወንዶች ልጆች የሚሰበሰቡበት አንድ ግቢ አለ። በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በውኃ ቱቦ ያያያዙት ብረት፣ ከጣውላ የተሠራ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የአንድ ጡንቸኛ ፈረንጅ ፎቶ፤ ጂሙ በቃ ይኸው ነው። ወርኃዊ ክፍያ የሚችሉት ደግሞ አስፋልቱን ተሻግረው መስታወት ወዳለው ጂም ይሄዳሉ። ሁለቱም ቦታ ጥያቄው አንድ ነው። ክንዴ መቼ ነው የሚወፍረው? እግሬ ወይም ጀርባዬ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በቲሸርት እጅጌ የሚታየው ክንድ ነዋ።

የ17 ዓመቱ የመጨረሻ ልጄም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ነው፤ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ክብደቱ 52 ኪሎ ነበር። የልብስ ስፌት ሜትሬን ወስዶ ክንዱን ሲለካ 25 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ በየሳምንቱ ይለካል፤ በየሳምንቱ 25። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እሑድ እንኳ ሳይቀረው ዳምቤል ይዞ ክርኑን ሲያጥፍ ሲዘረጋ ይውላል። የክንዱን የፊት ጡንቻ፣ እነሱ ባይሴፕስ የሚሉትን ማለት ነው። ምሳ ላይ ግን አንድ እንጀራ በግድ ይጨርስና “ጠገብኩ” ብሎ ይነሣል።

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ነገር ሲገባኝም ሆነ ሳይገባኝ ወደ ቁጥር መሄድ ልማዴ ነው። ልጄ ከጂም ይዞት የመጣው አንድ አባባል ነበር፤ “ክንድህ አንድ ኢንች እንዲጨምር ሰውነትህ 4 ኪሎ ተኩል መጨመር አለበት” ይላል። በሁሉም አገር ብረት የሚገፉ ሰዎች የሚቀባበሉት አባባል ነው። አንድ ኢንች 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። እውነት ነው ወይ? ብዬ እስኪሪብቶ አነሣሁ።

ከትከሻ እስከ ክርን ያለው የአንድ ሰው ክንድ ከሰውነቱ ክብደት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። 52 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አንዱ ክንድ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 2 ኪሎ ከ800። ዙሪያው ከ25 ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ያድግ ብንል፣ ሥጋው የሚጨምረው በዙሪያው ልክ ሳይሆን በካሬው ነው። 28ን ለ25 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛ 1 ነጥብ 25 ገደማ ይመጣል። ክንዱ በሩብ ጨመረ ማለት ነው። የ2 ኪሎ ከ800 ሩብ ደግሞ 700 ግራም ነው። ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ! ታዲያ ጂሞቹ የሚሉት አራትና አምስት ኪሎ ከየት መጣ?

መልሱ ክንድ ለብቻው ጓዳ የሌለው መሆኑ ነው። የምንበላው ምግብ በደም ተጭኖ ለመላው ሰውነት ይከፋፈላል። ጡንቻ የሚያድገው በተሠራበት ቦታ ነው፤ ማሠራቱ ከንቱ አይደለም። የግንባታው ዕቃ ግን የሚወጣው ከጋራ ጎተራ ነው፤ ጎተራው ከጎደለ ሰውነት አዲስ መገንባቱን ትቶ ያለውን ማቃጠል ይጀምራል። ጎተራው ሲሞላ ደግሞ ጀርባውም፣ ጭኑም፣ ትከሻውም፣ ትንሽ ስቡም አብሮ ይጨምራል። በተለይ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ሳይቀር ድርሻውን ይጠይቃል። አራት ተኩል ኪሎው የሕግ ያህል የጸና ቁጥር አይደለም፤ አዲስ ጀማሪ ክብደቱ ምንም ሳይለወጥ ትንሽ ክንድ ሊያወጣ ይችላል። ቀጭን ልጅ ግን ከትንሹ አልፎ እንዲሄድ ሚዛኑ መንቀሳቀስ አለበት።

ይህን ከጂሙ በፊት የምናውቀው እኛ እናቶች ነን። ሕፃን ይዛችሁ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ጠባብ ሜትር አውጥታ የልጁን ግራ ክንድ ከትከሻና ከክርን መሐል ትለካለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት። ከ11 ነጥብ 5 እስከ 12 ነጥብ 5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ሚዛን በሌለበት ገጠር በዚያች ሜትር ብቻ ስንት ልጅ ተርፏል። ክንድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የጤነኛ ልጅ ክንድ ዙሪያ ከዕድሜው ጋር ብዙም አይለዋወጥም፤ ረኃብ ሲገባ ግን ሰውነት መጀመሪያ ከሚያወጣቸው ቁጠባዎች መካከል የክንድ ስብና ጡንቻ አሉበት። ልጄ በየሳምንቱ ሜትር የሚጠመጥመው ሰውነቱ ገቢና ወጪውን በሚመዘግብበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ልጄ በሦስት ሳምንት 3 ኪሎ ጨመረ። ጉንጩ ሞላ፣ አንገቱ ወፈረ። አብራን የምትኖረው እናቴ ደስ አላት፤ “እሰይ፣ አሁን ሰው መሰለ” አለች። ክንዱ ግን ያው 25 ነው። ሒሳቡ አልገጠመልኝም። ሦስት ኪሎ የጨመረ ልጅ ክንዱ እንዴት ንቅንቅ አይልም?

ማታ ክፍሉ ገብቼ ቁጭ አልኩና ጠየቅሁት። አልዋሸኝም። ከመጽሐፍ ቦርሳው በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ዓይነት እንክብሎች አወጣ። “ቪታሚን ነው፣ የሚያወፍር፤ ጂም የሚመጣ ልጅ ነው የሸጠልኝ። ሁሉም ይወስዱታል እኮ፣ እማ” አለኝ። አንደኛው ከማሸጊያው ተቆርጦ ስሙ ግማሽ ብቻ ቀርቶበታል። በነጋታው ማለዳ መንገድ ዳር ወዳለችው ፋርማሲ ይዤ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ግማሹን ስም አይታ ፊቷ ተለወጠ። “ስንት ጊዜ ወሰደው?” ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

አንዱ ዴክሳሜታዞን፣ ሌላው ሲፕሮሄፕታዲን ነበር። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ለካ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ የሰነበተው በዚህ ነው። አስፈሪው የመጀመሪያው ነው። ዴክሳሜታዞን በቦታው ሕይወት አዳኝ መድኃኒት ነው። በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን ላይ ለነበሩ ሕሙማን የተሰጠው እሱ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለማወፈሪያ ሲዋጥ ግን ከታሰበው ተቃራኒውን ይሠራል። ውኃና ስብ ፊት፣ አንገትና ሆድ ላይ ያከማቻል፤ የክንድና የጭን ጡንቻን ደግሞ ያፈርሳል። ልጄ ክንድ ፍለጋ የገዛው ክንድን የሚያመነምን መድኃኒት ነበር። የደም ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙን ያዳክማል፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ቁመቱ እንዲዘገይ ያደርጋል። እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች ለማወፈሪያ መዋጥ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የተለመደ ችግር ነው፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ወጣት ሴቶች ለቁመና ብለው ይወስዷቸዋል።

ፋርማሲስቷ የነገረችኝን አንድ ነገር ወላጆች ሁሉ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ እንክብል ልጃችሁ ጋ ብታገኙ፣ ተናዳችሁ ሽንት ቤት ከመጣላችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሳምንታት የተወሰደ ዴክሳሜታዞን በአንድ ቀን አይቆምም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ እጢዎች መድኃኒቱ ሥራቸውን ሲሠራላቸው ይተኛሉ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። እኛን ያዩን ሐኪም ስኳሩንና ግፊቱን ለክተው መጠኑን በየጥቂት ቀኑ እየቀነሱ አስተዉት። ጥር መጨረሻ ላይ ልጄ ሚዛን ላይ ሲወጣ 52 ኪሎ ተኩል ነበር። ያ ሁሉ ሦስት ኪሎ ከሞላ ጎደል ውኃ ነበር ማለት ነው።

መርፌም አለ። የወንድ ሆርሞን አስመስለው የተሠሩት ስቴሮይዶች በእርግጥ ጡንቻ ያሳድጋሉ፤ ይህን መካድ ልጆቹ እንዳያምኑን ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም። ግን ገና ያላደገ ልጅ አጥንቱ የሚረዝምበትን ቦታ ቀድመው ይዘጉታል፣ የራሱን ሆርሞን ማምረቻ ያስቆማሉ፣ የዘር ፍሬውን ያኮማትራሉ፣ ጡት ያበቅሉበታል፣ ልቡን ይጎዳሉ። ለልጄ ይህን የነገሩት ሐኪሙ ናቸው፤ ከእናት አፍ ቢሰማው ኖሮ ጆሮውን ይይዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ጓዳ ተመለሰ። ጡንቻ ለመገንባት ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ነጥብ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃል። ለ52 ኪሎ ልጅ 83 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አለው። ልጄ የተመኘው ባለ ትልቅ ዕቃ የፕሮቲን ዱቄት አንዱ ማንኪያ 25 ግራም ገደማ ነው፤ ሦስት ብርጭቆ ወተት ማለት። ከወተት የሚወጣ ነገር ስለሆነ ትክክለኛው ከሆነ መርዝ አይደለም፣ ተአምርም አይደለም። ዋጋው ግን የወር አስቤዛዬን ይስተካከላል፤ ምን እንደተደባለቀበትም በዓይን አይለይም። ተውነው።

የከበደኝ ዐቢይ ጾም ነበር። 55 ቀን፤ እናቴ ባለችበት ቤት ደግሞ ወተትና እንቁላል አይታሰብም፣ ልጁም ራሱ ይጾማል። እንደገና እስኪሪብቶ። ሁለት እንጀራ 20 ግራም ያህል፣ ጠቀም ያለ ምስር ወጥ 18፣ ሽሮ 12፣ ሁለት እፍኝ ኦቾሎኒ 15፣ የሽምብራ ቆሎ 10። ተደምሮ 75 ግራም። ከ83ቱ ትንሽ ቢጎድልም የተናቀው ሽሮ እንዲህ መዋሉ ለእኔም አዲስ ነበር። ጥራጥሬው የጎደለውን እህሉ ስለሚሞላው እንጀራና ሽሮ አብሮ መብላት አያቶቻችን ሳይለኩ የደረሱበት ጥበብ ነው።

ፕሮቲን ብቻም አይበቃም። የሚበላው ከሚያቃጥለው በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ቢበልጥ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ወደ ቦርጭ ነው የሚሄደው። 50 ግራም ኦቾሎኒ ብቻውን 280 ካሎሪ ያህል አለው። እዚህ ላይ እናቴ ሥልጣኑን ተረከበች። ጠዋት በሶ በስኳር፣ ጾም ሲፈታ ጭኮ በቅቤ፣ ማታ የአጃ አጥሚት። አብሽም ዘፈዘፈችለት፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ብላ። አብሽ የደም ስኳር ዝቅ ስለሚያደርግ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባያዘወትረው ይሻላል፤ ለልጄ ግን ከዚያ እንክብል ጋር አይወዳደርም።

የእንቅስቃሴውን ነገር በትምህርት ቤታችን ያለ የስፖርት መምህር አስተካከለልን። ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። “የፊቱን ጡንቻ ብቻ ነው እኮ የምትሠራው፤ ከክንድህ ጡንቻ ከግማሽ በላይ የሚይዘው ከኋላ ያለው ነው” አለው። ክርን የሚዘረጋው ትራይሴፕስ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ደስ አለኝ። ፑሽ አፕ ስንሠራ የምንገፋው የሰውነታችንን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። 52 ኪሎ ልጅ በእያንዳንዱ ፑሽ አፕ 34 ኪሎ ገደማ ይገፋል፤ ፑል አፕ ሲሠራ ደግሞ 52ቱንም ይስባል። በእጁ የሚያወዛውዛት ዳምቤል 7 ኪሎ ነበረች! ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንዲሠራ፣ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ መግፋትና መሳብ፣ ባይሴፕስ መጨረሻ ላይ። ብረት በሌለበት ቀን ውኃ የሞላ ጀሪካን፤ ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፣ ሚዛኑ አይዋሽም። ሲቀለው ትንሽ ይጨምራል። በመሐል ያለው ቀን ዕረፍት ነው፤ ጡንቻ የሚያድገው ያኔ ነውና። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ስልኩን ማታ ማታ የምቀበለው ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ ገና ሰላም አልፈጠርንም።

“ብረት ካነሣ ቁመቱ ይቀራል” የሚሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ። በአዋቂ ሰው ክትትል፣ በትክክለኛ አሠራርና በሚችለው ክብደት ለሚሠራ ልጅ ይህ ስጋት መሠረት እንደሌለው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በግልጽ አስቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ልጄ 57 ኪሎ ተኩል ሆነ። ክንዱ 28 ሴንቲ ሜትር። ከጥር መጨረሻ ወዲህ 5 ኪሎ፤ በዚያ የጾም 55 ቀን ያገኘው ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢሆንም አልቀነሰም። የጂሙ አባባል ያን ያህል አልራቀም፤ ከ5 ኪሎው 700 ግራም ብቻ ወደ ክንዱ ሄዷል፣ የቀረው ሱሪውን አጥብቦ ሌላ ወጪ አስወጥቶኛል።

ወፍራም ክንድ ሁሉ ግን ጡንቻ አይደለም። ባለቤቴ 86 ኪሎ ነው። ሜትሩን ነጥቆ ሲለካ 34 ሴንቲ ሜትር መጣና “አያችሁ?” አለን። የስፖርት መምህሩ እንዳሳየኝ ከክንዱ ኋላ ያለውን ቆዳ ቆንጥጬ ያዝኩት፤ ሙሉ እፍኝ ስብ። የአመጋገብ ባለሙያዎችም ይህንኑ በመቆንጠጫ መሣሪያ ይለካሉ። ከዚያ ልጁ ፑሽ አፕ ፈተነው፤ አራተኛው ላይ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ለእሱ ዓይነቱ ሰው ሒሳቡ ይገለበጣል። ጎተራው ሞልቶ ስለሚፈስ እየሠራና ፕሮቲኑን እየጠበቀ ኪሎ ሲቀንስ ክንዱ ሊጠነክር ይችላል። በሜትር ሲለካ ግን መጀመሪያ ይቀንሳል፤ ይህን ቀድሞ ካልነገሩት ያኮርፋል። አኩርፏልም።

ሜትሩ በየቤቱ ሲዞር ያስደነገጠኝ ግን የ74 ዓመቷ እናቴ ክንድ ነው። 22 ሴንቲ ሜትር። የወርቅ አምባሯ እስከ ክርኗ ይወጣል። በዓመት ውስጥ ከ61 ኪሎ ወደ 56 ወርዳ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም፣ እሷም “እርጅና ነው” ብላ ትዘጋዋለች። ሰው ሳያስበው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ጊዜ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ ከቀነሰ ሐኪም ማየት አለበት። እሷ የቀነሰችው 8 በመቶ ነው። ወሰድናት። የስኳር፣ የታይሮይድና የሳንባ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆነ። ጥርሷ ስለሚያማት ጥሬ ነገርና ሥጋ ትታ በሻይና በዳቦ ስትውል ነው የተገኘችው። ለልጅ ልጇ በሶ ስትበጠብጥ ለራሷ አትቀዳም።

ጡንቻ ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አዛውንት የሚወድቁት፣ ወድቀውም ዳሌያቸው የሚሰበረው አንዱ በዚህ ነው። ሆኖም በር የተዘጋ ነገር አይደለም። በ1990 በአሜሪካ ቦስተን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሡ ተደርጎ ነበር። የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ የጭናቸው ጡንቻም በ9 በመቶ አደገ። ዘጠና ዓመት! ለጤነኛ አዛውንት ፕሮቲኑም ከወጣቱ ያነሰ እንዳይሆን ነው የሚመከረው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1 ነጥብ 2 ግራም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል።

ለእናቴ ጥርሷን አሳከምን፣ ሽሮዋን ወፈር አደረግን። ፍስክ ሲሆን እንቁላል ቅቅሉ ተፈጭቶ ይቀርብላታል። አሠልጣኟ የልጅ ልጇ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ሳትደገፍ 10 ጊዜ ትነሣለች፣ ሁለት የአንድ ሊትር ውኃ ጠርሙስ ይዛ እጇን ከትከሻዋ በላይ ትዘረጋለች። ስትደክም “በል ተወኝ፣ ልጸልይበት” ትለዋለች፤ “እማማ፣ ሦስት ቀርቶሻል” ይላታል። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ሄዳ ሦስት ሊትር ዘይት ራሷ ይዛ መጣች። የሱቁ ልጅ ላድርስልዎት ቢላት እንቢ ብላው ነው የመጣችው።